በቆርቆሮ ሥር ስለ ተሸሸገው የሁሩታ ጭድ

ይድረስ ለክቡር ቀኛዝማች አብተው፣ በባቡር ጣቢያ ሠፈር የቤቶች መልክና ክዳን ተቆጣጣሪ።

አዳማ፣ ግንቦት ፭ ቀን ፲፱፻፳ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎን የወይዘሮ ሸዋወርቅን፣ የልጆችዎንና የበቅሎዎን ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት አቡጀዲ፣ ጨው፣ ስኳርና ሻማ የምሸጠው መሐመድዘይን፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ እስከ ረፋዱ ድረስ ደኅና ነኝ። ከረፋዱ በኋላ ስላለው ጤንነቴ ግን አፌን ሞልቼ ለመናገር ይቸግረኛል፤ በዚያ ሰዓት በእርስዎ መልካም ፈቃድ ቆርቆሮ በለበሰው ሱቄ ውስጥ ስለምሆን፣ እየቀለጠ ያለ ሰው ጤነኛ ይባል እንደሆነ የሚያውቅ ሐኪም እስካሁን አላገኘሁም።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌና አንዱን ግልባጭ ጣቢያው ደጅ ባለው ዋርካ ላይ መስቀሌ ድፍረት ተደርጎ እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ቀትር ላይ ሱቄን እየዘጋሁ ደጅዎ ድረስ በተደጋጋሚ መጥቼ፣ ቀኛዝማች ተኝተዋል እየተባልሁ ተመልሻለሁ። ስለዚህ የእርስዎን እንቅልፍ ከመረበሽ የከተማውን ሕዝብ መረበሽ ይሻላል ብዬ ወሰንሁ። ሕዝቡ እንደሆነ ነቅቷል፤ በዚህ ሙቀት ቀትር ላይ መተኛት የቻለ ሰው በጣቢያ ሠፈር ከእርስዎ በቀር የለም።

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት ግን ምስጋናዬን ላቅርብ። በኅዳር ወር ከባቡሩ ጭስ ማውጫ የተፈናጠረ እሳት አንድ የሣር ጎጆ አቃጥሎ ሁላችንም ባልዲ ይዘን ስንሮጥ እንደ ነበር አይረሳም። እርስዎም ወዲያው በታኅሣሥ ነጋሪት አስጎስመው፣ በሐዲዱ ዳር ያለ ቤት ሁሉ የሣር ክዳኑን ጥሎ ከጅቡቲ በመጣ ቆርቆሮ እንዲሸፈን አዘዙ። ስለ እሳቱ ልክ ነበሩ፤ ይህን ስል በልቤ አሽሙር የለም። ሁለተኛው ምክንያትዎም፣ ማለት በባቡሩ መስኮት የሚመለከት የውጭ አገር ሰው ሣር አይቶ እንዳይንቀን ማሰብዎ፣ ምን ያህል አርቀው እንደሚያዩ ያስረዳል። አርቀው ያላዩት ነገር ቢኖር ከታኅሣሥ በኋላ ግንቦት እንደሚመጣ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ሁላችንም ማታ ማታ ጋቢ ተከናንበን እሳት ስንሞቅ ስለ ነበር እኛም አላሰብነውም፤ እርስዎም ሰው ነዎትና በዚህ አልወቅስዎትም።

አንደኛው አቤቱታዬ ስለ ሻማ ነው። በሣጥን ታሽገው ቀጥ ብለው የመጡ ሻማዎቼ፣ ሱቄ ቆርቆሮ ከለበሰ ወዲህ በየቀኑ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ አንድ በአንድ አጎንብሰው እጅ ይነሣሉ። መደርደሪያው ወደ እርስዎ ቤት አቅጣጫ ስለሚመለከት የሚሰግዱት ለእርስዎ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ከሸቀጥ ሳይቀር አክብሮት ማግኘት ለብዙ ሹም ያልተሰጠ ዕድል ነውና ደስ ሊልዎት ይገባል። ችግሩ፣ ለማርያም ስለት የገዙኝ እናቶች ሻማቸውን መልሰው አምጥተው፣ እንዲህ የጎበጠ ነገር በእመቤታችን ፊት አንለኩስም አሉኝ። እኔ እስላም ነኝና በስለት ጉዳይ ክርክር አልገባም፤ ቀጥ ያለ ሻማ የሚፈልግ ጎህ ሲቀድ እንዲመጣ ነግሬ ሸኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ ሱቄን የምከፍተው ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ጋር ነው፤ ለዚህ ለተሰጠኝ መንፈሳዊ ትጋትም የማመሰግነው እርስዎን ነው።

ሁለተኛው አቤቱታዬ፣ ከአዲስ አበባ በተመለሱ ሰሞን በቅዳሜ ገበያ ከበቅሎዎ ሳይወርዱ ያደረጉት ንግግር ነው። ሕዝቡ ስለ ሙቀቱ ሲያጉረመርም እርስዎ፣ እኔም እንደ እናንተው በቆርቆሮ ሥር እኖራለሁ፤ መጀመሪያ ሞቆኝ ነበር፤ አሁን ግን ቆርቆሮው አገሩን ለምዶ ቀዝቅዟል፤ ቀትር ላይ ጋቢ ለብሼ ነው የምተኛው፤ የእናንተ ሙቀት የስንፍና ሙቀት ነው ብለው መለሱልን። ቆርቆሮ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ በመሆኑ አገር እስኪለምድ መታገሥ እንደሚገባ ከዚያ በፊት የነገረን አልነበረም። ቃልዎን በጋቢው ስላስመሰከሩልንም ማን ይጠራጠር?

በተለይ ጎረቤቴ መርዳሳ፣ የጣቢያው ሸክም አውራጅ፣ የተናገሩትን ሁሉ በልቡ ጽፎታል። ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታው ጠቅ ጠቅ እንደሚል ያውቃሉ፤ መርዳሳም ይህ የእንግዳው መቁነጥነጥ ነው ብሎ ስላመነ፣ ከሥራ በተመለሰ ቁጥር በጀርባው ተጋድሞ ያዳምጣል። ሚስቱ ዛሬስ ለመደ ወይ ብላ ስትጠይቀው፣ ገና ነው፣ ግን ድምፁ ትንሽ ቀንሷል ይላታል። ላቡ ግን አልቀነሰም። በመጨረሻ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ቀትር ቀትር ላይ ከቆመ ፉርጎ ሥር ገብቶ መተኛት ጀምሯል፤ ፉርጎው የሚንቀሳቀስበትን ሰዓት ስለሚያውቅ አያስቡ።

የእርስዎ ቆርቆሮ ከእኛ ሁሉ ቀድሞ መልመዱን ግን በዓይናችን ያየነው ነው። እልፍኝዎ የገቡ እንግዶች ሁሉ ወንዝ ዳር የተቀመጡ መሰላቸው እየተባለ ይወራል፤ ጣሪያው ሥር የተወጠረውን ነጭ አቡጀዲም አድንቀው አይጠግቡም። አቡጀዲው ከእኔ ሱቅ የወጣ በመሆኑ ከክብሩ ጥቂት ለእኔም ተርፎኛል። ስለ እርሱ ከዚህ በላይ አሁን አልናገርም።

ሦስተኛውን አቤቱታዬን ረስቼዋለሁ። ይህን የምጽፈው ሱቄ ውስጥ ስለሆነ፣ እዚህ ደግሞ ሐሳብ ራሱ ስለሚተን፣ ትዝ ሲለኝ እመለስበታለሁ።

አራተኛው ዋናው ነው፤ ስለ እርሱ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ባለቤቴ ዙለይካ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ወር ያህል ሲቀራት እናቷ፣ አማቴ ሀጂራ፣ ሊያርሷት ከሁሩታ መጡ። አማቴ ከአርሲ ደጋ ወደዚህ ቆላ ቅቤ የሚያመላልሱ ነጋዴ ናቸው፤ ለሹምም ለአማችም ቃል የሚያለዝቡ ሴት አይደሉም። ከሱቄ በስተኋላ ያለችውን ባለ አንድ ክፍል ቤታችንን ደጃፏን እንዳለፉ ቀና ብለው ቆርቆሮውን አዩና፣ ይህ የድስት ክዳን ነው፤ ልጄ ወጥ ናት ወይ ብለው ጠየቁኝ። የአዋጁን ጥቅም፣ የባቡሩን መስኮትና የውጭውን አገር ሰው እያነሣሁ ላስረዳቸው ሞከርሁ። አልሰሙኝም። የቅቤ ገንቦ በአህያ ሲጫን ዙሪያውን በጭድ ይጠቀጠቃል፣ በጭድ የተጠቀጠቀ ቅቤ በቀትር ቆላ ሲወርድ አይቀልጥም፤ ልጄ ከቅቤ ታንሳለች ወይ አሉ። 

በሳምንቱ አህዮቻቸው ቅቤውን ትተው የጤፍ ጭድ ብቻ ተጭነው ከሁሩታ ወረዱ። አማቴ እየተቆጡ፣ እኔና መርዳሳ እየታዘዝን፣ ከቆርቆሮው ሥር ሸምበቆ ረበረብን፤ በሸምበቆው ላይ ሰሌን አነጠፍን፤ በሰሌኑ ላይ ጭዱን ሁለት ስንዝር ያህል ቆለልን፤ ከታች በኩል ደግሞ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ መረግንበት። በጭዱና በቆርቆሮው መካከል የሚታፈነው ሞቃት አየር መውጫ እንዲያገኝም በግድግዳው አናት በሁለቱ ወገን ቀዳዳ ተውንለት። ቤቲቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው ቤት ሆነች። ቀትር ላይ ከሱቄ ወጥቼ ወደ እርሷ ስገባ ፊቴን በውኃ የታጠብሁ ያህል ይሰማኛል።

ይህ ሁሉ አዋጅዎን በምን እንደሚያፈርስ ግን ገና አልተገለጠልኝም። ፍንጣሪ ቢወድቅ የሚወድቀው ቆርቆሮው ላይ ነው፤ የምድጃችን እሳት ቢነሣ ደግሞ በቅድሚያ የሚያገኘው ጭቃ ነው። በባቡሩ መስኮት የሚመለከተው እንግዳም የሚያየው የእርስዎን ሥልጣኔ ብቻ ነው፤ ባቡሩ በቆርቆሯችንና በጭዳችን መካከል አቋርጦ የሚያልፍበት ዘመን እስኪመጣ ድረስ የሚንቀን አይኖርም።

ዙለይካ ከፋሲካ ማግስት ሴት ልጅ ወለደች፤ ኡሙሰልማ አልናት። በእኛ ልማድ አራስ አርባ ቀኗ ሳይሞላ ከደጅ አትወጣም፤ በእናንተም ዘንድ ይህ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሌላው የሠፈር ሰው ሲብስበት ዋርካው ሥር ይጠለላል፣ ወደ ወንዝ ይወርዳል፣ ከፉርጎ ሥር ይገባል። አራስ የትም አትሄድም። ያለችበት ጣሪያ ዕጣዋ ነው።

ጠያቂ አልጎደለባትም። ከሁሉ በላይ ያከበሩን ወይዘሮ ሸዋወርቅ ናቸው፤ እርስዎ ደጅ ሊጠኑ አዲስ አበባ ወጥተው ስለ ነበር አላዩም እንጂ፣ ገንፎ አስይዘው መጥተው ለአንድ አፍታ ብለው የተቀመጡ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የተነሡት። በነጋታውም መጡ። በሦስተኛው ቀን ጥጥና እንዝርታቸውን ይዘው መጡ። አንድ የሹም ባለቤት የነጋዴ ቤት አራስ በመጠየቅ ይህን ያህል መትጋታቸው ሠፈሩን ሁሉ ያስደነቀ በጎ ሥራ ነው፤ አማቴም ለእሳቸው ሲሆን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስለ ጭድና ስለ ገንቦ ብዙ ነገር አጫወቷቸው።

ከአዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ አዋጁ መፈጸሙን እንዲያይ ዘበኛዎን ባጫን ቤት ለቤት ላኩት። ባጫ መልካም ሰው ነው። አካም ጅርቱ ብሎ ገባ፣ ውኃ ለመነ፣ ከመጋረጃው ወዲህ በዱካ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ደገፍ ሲል እንቅልፍ ይዞት ሄደ። ሲነቃ ግን ክፉኛ ደነገጠ። ከሌላው ቤት ሁሉ ላቡን እየጠረገ ሮጦ ነበር የወጣው፤ እዚህ እንደ ገዛ ቤቱ ማንኮራፋቱ አጠራጠረው። በዚህ ከተማ አንድ ቤት ቀዝቃዛ ሆኖ መገኘቱ ብቻ ጥፋት ለመሠራቱ በቂ ምስክር ነውና፣ ዱላውን አንሥቶ ጣሪያውን ወጋ። ጭቃው ተፈርፍሮ ጭዱ በራሱ ላይ ወረደ። ባጫ ያን ሁሉ ጭድ በፀጉሩ ተሸክሞ ወደ እርስዎ ሲመጣ፣ ማስረጃው አንድም ዘለላ ሳይጎድል መድረሱን ሰምቻለሁ።

እርስዎም፣ ሣር ሣር ነው፤ ከላይም ሆነ ከታች፣ አዋጄ ተደፍሯል፤ እስከ ፊታችን ሐሙስ ጭዱ ሁሉ ካልወረደ ሰዎቼ መሰላል ይዘው መጥተው ያወርዱታል ብለው ፈረዱ። ፍርዱ አጭርና ግልጽ በመሆኑ አስተርጓሚ አላስፈለገንም።

እዚህ ላይ ክቡር ሆይ፣ ለጥቂት መስመር ትሕትናዬን ይቀበሉኝና ጨዋታዬን ልተው። ባጫ የወጋት ቀዳዳ ከመጋረጃው ወዲያ እስከ አራሷ አልጋ ራስጌ ተሰንጥቃ ነበር። የሰው ጭንቅላት ብታክል ነው። በዚያች ቀዳዳ የገባው ሙቀት ግን ምድጃ የከፈቱ ያህል ነበር። ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ ጡት አልይዝ አለች፤ ታለቅሳለች እንጂ አትጠባም፣ ቆይታ ማልቀሱንም ተወችው። ዝም ያለች ጊዜ እንደ ፈራሁት በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም። አማቴ መኝታቸውን ቀደው፣ በውስጡ ያለውን ጭድ አውጥተው ቀዳዳውን እስኪወትፉ ድረስ እኔ ልጄን በእርጥብ ጨርቅ ሳርገበግብላት ነበር። ሲመሽ ጠባች። አንዲት ቀዳዳ ይህን ካደረገች፣ ሐሙስ ጣሪያው ሁሉ ሲወርድ የሚሆነውን ማሰብ አልችልም፤ ለዚህ ነው የምለምንዎት፣ ለምኜ የማላውቀው ሰው።

አሁን ወደ ትሕትናዬ ልመለስ። የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ጭዱ ባለበት እንዲቆይ፣ አራሷም አርባ ቀኗን በሰላም እንድትጨርስ፣ ከዚያም በኋላ የመርዳሳንና የሌላውን ጎረቤት ጣሪያ እንደዚሁ እንድንሞላ ይፍቀዱልን። ይህ የማይሆን ከሆነ በአዋጅዎ ውስጥ ያገኘሁትን አንድ የምሕረት ቀዳዳ እንድጠቀምባት ይፍቀዱልኝ፤ አዋጁ ጋጥን አይጨምርምና፣ በቅሎዎ ዛሬም በወፍራም የሣር ክዳን ሥር በጤና ትኖራለች። ስለዚህ ቤቴ ከዛሬ ጀምሮ በጋጥነት እንዲቆጠርልኝ፣ እኔም የሚገባኝን ጭነት እንድሸከም ዝግጁ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ከበቅሎዎ እኩል መታየት ለአንድ የጣቢያ ሠፈር ነጋዴ ቀላል ሹመት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለመድረስ ግን እጥራለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለሥልጣንዎ ስፋትን፣ ለሚያዝዙት ቆርቆሮ ሁሉ ፈጥኖ ለመልመድ የሚያበቃ ትጋትን እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ፣ ከሻማዎቼ ጋር በአንድ ረድፍ አጎንብሼ ቆሜአለሁ።

የእርስዎው፣ በቀትር የማይተኛው፣

መሐመድዘይን፣ የኡሙሰልማ አባት

ከፊርማዬ በኋላ የምጨምረው፦

ደብዳቤውን ጨርሼ ቤቴ ገብቼ፣ ከጭዱ ሥር ትንሽ እንዳረፍሁ ሦስተኛው አቤቱታዬ ትዝ አለኝ። ሰዎችዎ ሐሙስ ዕለት ያንን ከባድ መሰላል ተሸክመው እስከ እኛ ሠፈር ከሚደክሙ፣ ከቅርብ እንዲጀምሩ ልመክር ነበር። እርስዎ አዲስ አበባ ደጅ ሲጠኑ፣ ወይዘሮ ሸዋወርቅ አማቴን አስጠርተው፣ የእልፍኝዎን ጣሪያ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በሁሩታ ጭድ አስሞልተው፣ ጭቃ አስመርገው፣ ጭቃው እንዳይታይም ያንን እንግዶችዎ የሚያደንቁትን ነጭ አቡጀዲ ወጠሩበት። የእኛ ሁለት ስንዝር ሲሆን የእርስዎ ለክብርዎ ሲባል ሦስት ነው። የለመደው ቆርቆሮው አይደለም። ይህን እንድጽፍ ያዘዙኝም ራሳቸው ወይዘሮ ሸዋወርቅ ናቸው፤ ባለቤቴ ቆርቆሮ ለመደ ሲሉ ስቄ ዝም አልሁ፣ የአራስ ጣሪያ ይፍረስ ሲሉ ግን ዝም አልልም ብለዋል፤ ሐሙስ እንዝርታቸውን ይዘው ዙለይካ ዘንድ ስለሚውሉም መሰላሉ ሲደርስ በደጃፉ የሚቀበሉት እሳቸው ይሆናሉ። ሣር ሣር ነው ያሉት ቃል የማይታጠፍ ከሆነ ግን፣ ጋቢዎን አጥፈው ያስቀምጡት፤ ከሐሙስ ወዲያ የሚያስፈልግዎት አይመስለኝም።